የሞስኮ የመዳብ ኮፔክ (1655–1663)፦ ገንዘቡን የጣለው መዳቡ ነው ወይስ ግብሩ?

ሚዛን_ጠባቂ

«መዳብ ዋጋ የለውምና የመዳብ ገንዘብ መውደቁ አይቀርም» የሚል አባባል በየቦታው ይደጋገማል። የሞስኮው ታሪክ ግን ይህን አይደግፍም። ክርክሩ መሬት እንዲይዝ መነሻውን ላስቀምጥ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እዚህ «ብር» የምለውም ማዕድኑን ነው።

በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሩሲያ የራሷ የብር ማውጫ አልነበራትም። ብር የሚገባው በውጭ ንግድ፣ ከጀርመን አገሮችና ከጎረቤቶቻቸው በሚመጣው ታለር በሚባል ትልቅ የብር ሳንቲም ነበር። ጠገራ ብር የምንለውም የዚሁ የታለር ዘር ነው። ግምጃ ቤቱ አንዱን ታለር በ50 ኮፔክ ገደማ ይገዛል፣ ያቀልጠዋል፣ ከዚያ 64 ኮፔክ ይመታበታል። የሚመቱት ሳንቲሞች ኮፔክ፣ ግማሽ ኮፔክና ሩብ ኮፔክ ብቻ ነበሩ። ሩብል ማለት 100 ኮፔክ ነው፤ በመዝገብ ላይ የሚቆጠር ስም እንጂ በእጅ የሚያዝ ሳንቲም አልነበረም።

በ1654 ዛር አሌክሲ ሚካይሎቪች ከፖላንድ ጋር ጦርነት ገባ። በዚያው ዓመት ሞስኮን ወረርሽኝ መታት። ለሠራዊቱ የሚከፈል ሲጠፋ መጀመሪያ የተሞከረው ታለሩ ላይ አዲስ ማኅተም መትቶ «ሩብል» ማለት ነበር። 64 ኮፔክ የሚያወጣው ብር በ100 ይሂድ ማለት ነው። ጎን ለጎንም ታለር የሚያህል የመዳብ ባለ 50 ኮፔክ ተመታ። ሁለቱም ብዙ አልሄዱም። በ1655 ሩብሉ ቀረና ታለሩ ላይ ሁለት ትናንሽ ምልክቶች ብቻ ተመቱበት፤ አንዱ ፈረሰኛ ያለበት ክብ ማኅተም፣ ሌላው 1655 የሚል አራት ማዕዘን። እንዲህ ሆኖ በ64 ኮፔክ እንዲሄድ ተደረገ።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ፤ መጠኑም መልኩም ከብሩ ኮፔክ ጋር አንድ የሆነ፣ ዋጋውም እኩል ነው የተባለ የመዳብ ኮፔክ። ይህ ሳንቲም ለሦስት አራት ዓመት ያህል ከብሩ ጋር እኩል ወይም በጣም ተቀራርቦ ተገበያየ። መንሸራተት የጀመረው በ1658 እና በ1659 ገደማ ነው። በ1661 አንድ የብር ኮፔክ ለማግኘት ሁለትና ከዚያ በላይ የመዳብ ኮፔክ ያስፈልግ ነበር። በ1663 ደግሞ 15።

መዳቡ በ1655ም መዳብ ነበር። የተለወጠው ሌላ ነው። ግምጃ ቤቱ ደመወዝ ሲከፍልና ዕቃ ሲገዛ በመዳብ፣ ግብርና ቀረጥ ሲሰበስብ ግን በብር አለ። ገንዘቡን ያወጣው አካል ራሱ አልቀበልም ካለ ሌላው ለምን ይቀበላል? የእኔ አቋም ይኸው ነው።

---

የሒሳብ_ሰው

አቀማመጡ ጥሩ ነው፤ የምክንያቱ ቅደም ተከተል ግን ተገልብጧል። ሒሳቡን እንሥራው።

የሩሲያ ፓውንድ 409.5 ግራም ነው። አንድ ኮፔክ 0.45 ግራም ቢመዝን ከአንድ ፓውንድ መዳብ 900 ኮፔክ ገደማ ይወጣል፤ 9 ሩብል መሆኑ ነው። የአንድ ፓውንድ መዳብ የገበያ ዋጋ ደግሞ 12 ኮፔክ አካባቢ ነበር። የሠራተኛውንና የከሰሉን ወጪ ብትጨምሩበት እንኳ ትርፉ ከሰባ እጥፍ ብዙ አይወርድም።

ከብሩ ጋር አነጻጽሩት። በ50 ተገዝቶ በ64 የሚመታ ታለር 28 በመቶ ያተርፋል። ታለር ደግሞ እንደልብ አይገኝም፤ ከአርካንግልስክ ወደብና ከምዕራቡ ድንበር ነጋዴ ሲያመጣው ብቻ ነው። ብር በራሱ ልጓም ነበረው። መዳብ ልጓም አልነበረውም። ለዚህ ነው ከሞስኮ ሌላ በኖቭጎሮድና በፕስኮቭ፣ ቆይቶም በጦርነት በተያዘችው በኩከኖይስ፣ ዛሬ ላትቪያ ውስጥ ባለችው ኮክኔሰ፣ ሳንቲም መምቻ የተከፈተው።

ስለዚህ ግብሩን በብር መጠየቁ ምልክቱ ነው እንጂ በሽታው አይደለም። ግምጃ ቤቱ ብር የጠየቀው ብሩ ከገበያ ስለጠፋ ነው። ብሩ የጠፋው ደግሞ በመዳቡ ብዛት ነው፤ ሰው ሁለት እኩል የተባሉ ሳንቲሞች ይዞ ቢወጣ የሚሰጠው ቀዩን፣ የሚቀብረው ነጩን ነው።

---

ጀማሪ_ሰብሳቢ

አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁሉም ሰው መዳብ መሆኑን በዓይኑ እያየ፣ መጀመሪያውኑ እኩል ዋጋ ሰጥቶ እንዴት ተቀበለው?

---

ሚዛን_ጠባቂ

በሦስት ምክንያት። አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግምጃ ቤቱም ይቀበለው ስለነበር ለግብር ከፋዩ ልዩነት አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ጦርነቱ መልካም እየሄደ ነበር፤ ስሞሌንስክ በ1654 ተይዛለች፣ ሰውም ነገሩን ጊዜያዊ አድርጎ አየው። ሦስተኛ፣ የብር ኮፔክ ራሱ የጥፍር ያህል ቀጭን ስለሆነ ማንም በሚዛን አይቀበለውም፤ የሚቆጠር ገንዘብ ነው። መቁጠር የለመደ ገበያ የሚቆጠር ሌላ ነገር ሲሰጡት ወዲያው አይደነግጥም።

የሒሳብ ሰው፣ ለእርስዎም መልሱ እዚሁ አለ። ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በዝግታ በወረደ ነበር። እርስዎ የገለጹት የ70 እጥፍ ትርፍ በ1655ም ነበረ፣ በ1657ም ነበረ። መንሸራተቱ የተፋጠነው ግን መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሆን ነው። ከግምጃ ቤት የወጣው መዳብ ተመልሶ የሚገባበት በር ሲዘጋ ሁሉም ገበያ ላይ ይከማቻል። ግብር ማለት እኮ ገንዘብን ከገበያ የሚሰበስብ መሣሪያ ነው። መሣሪያው መዳቡን መሰብሰብ አቆመ።

---

አንጥረኛ

ሁለታችሁም ከላይ ከግምጃ ቤት ሆናችሁ ነው የምታዩት። እኔ ከመምቻው ልጀምር፤ የተበላሸው እዚያም ነውና።

የሩሲያ ኮፔክ ከቆርቆሮ የተቆረጠ ክብ አይደለም፤ ከሽቦ ነው የሚሠራው። ማዕድኑ ይቀልጣል፣ በዘንግ መልክ ይፈስሳል፣ ይቀጠቀጣል። ከዚያ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች በተበሳ የብረት ሳህን ውስጥ ይሳባል። መዳብ በተሳበ ቁጥር ይደድራል፤ በየመካከሉ እሳት ላይ ካላለዘቡት ይበጠሳል። ሽቦው የተፈለገው ውፍረት ላይ ሲደርስ በእኩል ርዝመት ይቆራረጣል፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በመዶሻ ይጠፈጠፋል። በመጨረሻ ቁራጩ ግንድ ላይ በተተከለው የታችኛው ማኅተም ላይ ይቀመጣል፣ የላይኛው ማኅተም በእጅ ይያዝበታል፣ ከላይ ይመታል። በአንዱ ፊት ጦር የያዘ ፈረሰኛ፣ በሌላው የዛሩ ስምና ማዕረግ በመስመር ተደርድሮ ይወጣል። ቁራጩ ሞላላ ሲሆን ከማኅተሙ ያንሳል፤ ለዚህ ነው በአንድ ሳንቲም ላይ ጽሑፉ ሙሉውን የማይገኘው። ጫፎቹ ላይ የሽቦው መቆረጫ እንደ ትንሽ ጆሮ ወጣ ብሎ ይቀራል።

አሁን ቁጥጥሩን ተመልከቱ። የብር ሠራተኛ ብር በሚዛን ይረከባል፣ ሳንቲም በሚዛን ያስረክባል። የቀለጠበት ጉድለት በልክ የታወቀ ነው፤ ከዚያ በላይ ከጎደለ ሰረቀ ማለት ነው። ከውጭ ብር አምጥቶ ቢጨምርም የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

መዳብ ላይ ይኸው ሚዛን ዕውር ነው። ሠራተኛው ወይም አለቃው ከገበያ አንድ ፓውንድ መዳብ በ12 ኮፔክ ገዝቶ ይገባል፣ ከመንግሥቱ መዳብ ጋር ይመታዋል፣ 9 ሩብል ይዞ ይወጣል። ለመንግሥት የሚያስረክበው ልክ የተረከበውን ያህል ስለሆነ መዝገቡ ላይ አንዲት ግራም አትጎድልም። የሚወጣው ሳንቲም ደግሞ ፎርጅድ እንኳ አይባልም፤ በዋናው ማኅተም፣ በዋናው ሠራተኛ የተመታ ነው። የዘመኑ ሩሲያዊ ጸሐፊ ግሪጎሪ ኮቶሺኺን በኃላፊነት የተሾሙት ሰዎች በሞስኮና በስዊድን መዳብ እየገዙ ከዛሩ መዳብ ጋር ለራሳቸው ያስመቱ እንደነበር ጽፏል።

ከመምቻው ውጭ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። መሣሪያው መዶሻ፣ የተበሳ ሳህንና ሁለት ማኅተም ብቻ ስለሆነ ድስት የሚጠግን ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። አስቸጋሪው ማኅተሙን መቅረጽ ነው፤ እሱንም ቀራጮቹ ለውጭ ሰው ይሸጡ ነበር። ቅጣቱ የቀለጠ ማዕድን ጉሮሮ ውስጥ ማፍሰስ፣ እጅ መቁረጥና ግዞት ነበር። ይህ ሁሉ እየተፈጸመም አልቆመም፤ ባለዘመድ በጉቦ ይወጣ ነበርና። ሕዝቡ በግልጽ ስሙን ያነሳው የዛሩ ሚስት አባት ኢልያ ሚሎስላቭስኪ ነው።

---

የሒሳብ_ሰው

ይህ የእኔን ነጥብ ያጠናክራል። የመንግሥቱ መምቻ በወር የሚያወጣው ልኩ ቢታወቅ እንኳ፣ ገበያ ላይ ያለው መዳብ ስንት እንደሆነ ማንም ሊቆጥር አይችልም ነበር። ግምጃ ቤቱም ቢሆን።

---

ቀይ_ሳንቲም

ሞስኮን ብቻ ነጥለን ካየናት ክርክሩ አያልቅም። በዚያው መቶ ዘመን ሁለት ሌሎች አገሮች መዳብን በተለያየ መንገድ ሞክረውታል።

ስፔን ከሁሉ ትቀድማለች። ድሮ ጥቂት ብር የሚገባበት ዝርዝር ሳንቲም ነበራቸው። በ1599 ፊሊጶስ ሣልሳዊ ብሩን አውጥቶ ንጹህ መዳብ አደረገው። በ1602 ክብደቱን በግማሽ ቀነሰው። በ1603 ደግሞ የቀድሞውን ከባዱን ሳንቲም ሕዝቡ ወደ መምቻ እንዲያመጣ አዘዘ። ባለ 2 ማራቬዲው (ማራቬዲ የስፔን የገንዘብ መቁጠሪያ ነው) ላይ 4፣ ባለ 4ቱ ላይ 8 ተመታበት። ባለቤቱ የቀድሞ ዋጋውንና የማጓጓዣውን ብቻ ይቀበላል፤ የተጨመረው ግማሽ የዘውዱ ነው። አንድም ግራም አዲስ መዳብ ሳይገዙ ገንዘብ አወጡ ማለት ነው። ይህን በጽሑፍ የተቃወመው ኢየሱሳዊው ካህን ሁዋን ደ ማሪያና ታስሯል።

ቀጥሎ የመጣው ከሞስኮው የሚለይበትን ልብ በሉ። ነሐሴ 7 ቀን 1628 በአንድ አዋጅ የመዳቡ ዋጋ በግማሽ ወረደ። ማታ 100 ይዞ የተኛ ሰው ጠዋት 50 ይዞ ተነሳ፤ ካሣም በጊዜው አልተከፈለም። ከዚያ በ1636 እንደገና ምልክት መትተው ዋጋውን ሰቀሉ፣ በ1642 እንደገና ጣሉት። እስከ የካቲት 1680 ትልቅ ቅነሳ ድረስ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ኖረ። ከዋጋ መውደቁ ይልቅ ነጋዴውን የጎዳው ነገ ስንት እንደሚሆን አለማወቁ ነው፤ ውል መጻፍ አይቻልም።

ስዊድን ደግሞ ተቃራኒው ናት። የመዳብ አምራች ስለሆነች መዳቡን በሙሉ ክብደቱ ገንዘብ አደረገችው። በ1644 የተመታው ባለ 10 ዳለር ሰሌዳ ወደ 20 ኪሎ ይመዝናል። ማንም «ዋጋ የለውም» ሊለው አይችልም፤ ችግሩ መሸከሙ ነው። በ1660 መንግሥቱ የሰሌዳውን ክብደት ሲቀንስ ሰው አሮጌውን ከባዱን ለማውጣት ወደ ስቶክሆልሙ ባንክ ጎረፈ፤ በ1661 ባንኩ በአውሮፓ የመጀመሪያውን የወረቀት ገንዘብ አወጣ። በዚያው ዓመት የሞስኮው ኮፔክ በግማሽ ወርዶ ነበር።

እንግዲህ ሚዛን ጠባቂ ልክ ነው እላለሁ፤ ጥፋቱ መዳብ ላይ አይደለም። ግን «ግብሩ ብቻ» ማለትም አይበቃም። ስፔን በግብሩ በኩል መዳቧን እየተቀበለችም ወድቃለች።

---

ሚዛን_ጠባቂ

የስፔኑ ነጥብ ጠንካራ ነው። ግን ፍጥነቱን እዩ። ስፔን ውስጥ ብር በመዳብ ላይ ያለው ብልጫ 275 በመቶ ለመድረስ እስከ 1680 ድረስ ሰማንያ ዓመት ፈጅቷል። ሞስኮ በስምንት ዓመት 15 እጥፍ ደረሰች። ልዩነቱን የፈጠረው በሩ መዘጋቱ ነው።

ሌላም አለ። ሠራዊቱ ያለው ዩክሬንና ነጭ ሩሲያ ውስጥ ነው፤ እዚያ ያለው ገበሬ ደግሞ የዛሩን መዳብ የመቀበል ግዴታ አልነበረበትም። አልቀበልም አለ። ደመወዙን በመዳብ የተቀበለ ወታደር በተሞላ ከረጢት ዳቦ መግዛት አቃተው። ከድቶ የሚጠፋው በዛ። ገንዘቡ የተመታው ለጦርነቱ ሆኖ ሳለ የከሸፈውም መጀመሪያ ጦርነቱ ያለበት ቦታ ነው።

---

ጠገራ

የእኛን አገር ያነሳችሁት በአንድ ቃል ስለሆነ ትንሽ ልጨምር። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ምስላቸው ያለበትን ብር ፓሪስ ሲያስመቱ ክብደቱ 28 ግራም፣ የብር ይዘቱ 83 በመቶ ገደማ ነበር። ከማርያ ቴሬዛው ጋር የሚበላለጠው በጥቂት ነው። እንዲያም ሆኖ ገበያው ለብዙ ጊዜ 1780 የተጻፈበትን ጠገራ ነበር የሚመርጠው፤ የደረቷን ጌጥ ዕንቁ ሳይቀር እየቆጠረ። ሙሉ ብር የሆነ አዲስ ሳንቲም እንኳ እምነት ለማግኘት ይህን ያህል ከተቸገረ፣ የሞስኮው መዳብ ሦስት ዓመት እኩል መሄዱ በጣም የሚገርም ነው። ያንን ያስቻለው ግምጃ ቤቱ መቀበሉ ካልሆነ ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

---

ጀማሪ_ሰብሳቢ

ስለ ዓመፁስ? የመዳቡ ዓመፅ የሚባለው ገንዘቡን አስቆመው?

---

የሒሳብ_ሰው

ወዲያው አላስቆመውም። የ1662ን ነገር በቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

በዚያ ዓመት መንግሥት ብር ለማግኘት ሁለት ነገር አደረገ። አንደኛ፣ ለውጭ ገበያ የሚወጡ ስድስት ዕቃዎችን በብቸኝነት ያዘ፤ የገመድ ቃጫ፣ ፖታሽ፣ ሬንጅ፣ የለፋ ቆዳ፣ ሞራና የሳይቤሪያ ባለ ፀጉር ቆዳ። ከአገር ውስጥ ነጋዴ በመዳብ እየገዛ ለውጭው ነጋዴ በታለር ሸጠ። ነጋዴው የሚያውቀውን ትርፍ አጥቶ የማይፈልገውን መዳብ ታቀፈ። ሁለተኛ፣ ለጦርነቱ ከአምስት አንድ የሚወስድ ልዩ ግብር ተጣለ፤ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ትልቁ ነጋዴ ቫሲሊ ሾሪን ነበር። ከዚህ በፊት ገበሬው እህል፣ ድርቆሽና ማገዶ ወደ ከተማ ማምጣት እያቆመ ነበር፤ በመዳብ ሸጦ ምን ይሠራበታል?

ሐምሌ 25 በጁሊያን አቆጣጠር፣ በእኛ ነሐሴ 1 ቀን 1654 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ጠዋት ሉብያንካ አካባቢ ሚሎስላቭስኪንና ሾሪንን ከሃዲ የሚል ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ሕዝቡ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው የዛሩ መንደር ወደ ኮሎሜንስኮዬ ሄደ። ዛሩ ወጥቶ አነጋገራቸው፤ የልብሱን ቁልፍ ይዘው እስኪሞግቱት ድረስ ቀርበውት ነበር። አጣራለሁ ብሎ እጅ ለእጅ ተመታትቶ ቃል ገባ። ሲመለሱ ግን የሾሪንን ቤት ዘርፎ ልጁን ይዞ ከሚመጣ ሌላ ጭፍራ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙና አብረው እንደገና ወደ ዛሩ ሄዱ። እስከዚያ ስትሬልትሲ የተባሉት የዛሩ ጠመንጃ ያዦች ደርሰው ነበር። ብዙ ሰው በጦር መሣሪያ አለቀ፣ ወደ ሞስኮ ወንዝ እየተገፋም ሰጠመ፤ ሌሎች ተሰቀሉ፣ ተጋዙ። ወረቀቱን የጻፈውን ለማግኘት ከከተማው ጸሐፍት የእጅ ጽሑፍ ናሙና ተሰብስቦ ተመሳክሯል።

ገንዘቡ የቆመው ግን ከዓመት ገደማ በኋላ፣ በሰኔ 1663 አዋጅ ነው። መንግሥት የጠበቀው ብር እስኪያጠራቅም ነው፤ ያኔ የስድስቱ ዕቃዎች ታለር እጁ ገብቶ ነበር። ወደ ብር ኮፔክ ተመለሰ፤ መዳቡም ገበያው ይሰጠው ከነበረው ባነሰ ዋጋ ተሰበሰበ። የቀረውን አቅልጦ ዕቃ መሥራት ተፈቀደ።

---

ሚዛን_ጠባቂ

«ብር እስኪያጠራቅም» ያልከው ላይ እስማማለሁ። ብር ሲኖር የብር ገንዘብ መመለስ ይቻላል። ግን መዳቡን በ1659 ለግብር ቢቀበሉ ኖሮ እያወጡ እየሰበሰቡ፣ ቀስ እያሉ መጠኑን መቀነስ ይችሉ ነበር። ያ መንገድ አልተሞከረም።

---

የሒሳብ_ሰው

ቢቀበሉ ኖሮ አንጥረኛ የገለጸው የመምቻ ሌባ ግብሩን በ12 ኮፔክ መዳብ ይከፍል ነበር። መጀመሪያ መምቻውን መዝጋት ነበረባቸው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ካልተደረጉ አንዱ ብቻውን አይሠራም።

---

አንጥረኛ

በዚህኛው ሁለታችሁም ተገናኛችሁ።

ለጀማሪ ሰብሳቢ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ከ1663 በኋላ መዳብ ኮፔክ የቀረው ሰው ሁሉ አላቀለጠውም። በቆርቆሮ፣ በብር ወይም በባዜቃ አንጥቶ እንደ ብር ኮፔክ የሚያሳልፍ በዝቶ ሌላ ክልከላ አስወጥቷል። እነዚህ ዛሬም በሽያጭ ላይ «ብር» ተብለው ይቀርባሉ። ለመለየት እንዲህ ይደረጋል።

መጀመሪያ የሽቦው መቆረጫ ያለበትን ጫፍ በማጉያ መነጽር ተመልከት። ልባሱ እዚያ ቀጭን ስለሆነ ቀዩ ቀድሞ የሚታየው በጫፉ ነው። ቀጥሎ ከፍ ብለው የሚያልቁትን ቦታዎች፣ የፈረሱን ደረትና የጋላቢውን ራስ ተመልከት። በፊደሎቹ መካከል አረንጓዴ ዝገት ካለ ከሥሩ መዳብ ሊኖር ይችላል፤ ግን ብሩም ከመዳብ ጋር አብሮ ተቀብሮ ከሆነ አረንጓዴ ሊይዝ ስለሚችል በዚህ ብቻ አትፍረድ።

ሚዛን ይረዳል፣ ለአንድ ሳንቲም ግን አይበቃም። መዳብ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 8.9 ግራም፣ ብር 10.3 አካባቢ ነው። መጠናቸው እኩል ቢሆን 0.45 የሚመዝነው ብር በመዳብ 0.39 ይሆናል። ሽቦው በእጅ የተቆረጠ ስለሆነ የብሩም ኮፔክ በራሱ ይህን ያህል ይለያያል። ሃያውን ባንድ ላይ መዝነህ አማካዩን ውሰድ፤ የተለየ የሚመስልህን ደግሞ ውኃ ውስጥ አንጠልጥለህ በመመዘን ጥግግቱን ለብቻው አውጣ። ለዚህ እስከ 0.001 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ሳንቲሙን በሞረድ አትፋቅ፣ በሆምጣጤም አትጠበው፤ ልባሱ አንዴ ከተላጠ የ1660ዎቹ ማንጫ ይሁን የትናንት ሥራ መለየት አይቻልም።